ደረሰ

ኤንዴል፣ ወንበርዎ አሁንም ያቃስታል፤
ስቀመጥ ይቆጣል፣ ስነሣ ይስቃል።
ሃያ ስድስት ዓመት፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት፣
የሂዩማን ደሴት በረዶ ሲውጣት፣
ከአልጋዎ ተነሥተው፣ ቦቲዎን አጥልቀው፣
ይህን በር ከፈቱ በትከሻ ገፍተው።

ሥራው ቀላል ነበር፤ ቀላል ነው የሚከብድ፤
የባሕሩን ከፍታ ወደ ታሊን መስደድ።
በጥቁሩ መስኮት ጠቋሚው ሲርገበገብ
በሁለት ጣት ብቻ፣ ወደብ በወደብ፦
«ክፈት። ግባ። ላክ። ዝጋ።»
አሥራ ዘጠኝ ጊዜ፣ እስኪነጋ፤
የእኛ ክረምት ደግሞ መች ቶሎ ይነጋ!

እኔ ግን ሰነፍ ነኝ፤ ይህን ያውቁታል።
ዕድሜ ልክ ከመድከም አንድ ሳምንት ማበድ ይሻላል
ብዬ፣ የዓሣ ቅባት የጠጣ ደብተርዎን ዘርግቼ፣
የወደቦቹን ስም በተርታ አስገብቼ፣
ትእዛዝ የሚወልድ አንድ ትእዛዝ ጻፍኩ።
ስም ብቻ ሲሰጡት ይሰፋል በልኩ፤
አንዱን ለካርድላ፣ አንዱን ለኦርያኩ።
ሰዓቱን ለማሽኑ በአደራ ሰጠሁት፤
«ስምንት ሲል ተነሣ፣ እኔን ተወኝ» አልኩት።
አሥሩን ትእዛዛት በቅጡ ሳልጠብቅ
አሥራ ዘጠኝ አዝዤ ተኛሁ ያለ ጭንቅ።

አርባ ሌሊት ሄደ።
ጠዋት ስመጣ ሁሉም ተልኮ ይጠብቀኛል፤
ኩራቴ በትልቅ ኩባያ ሻይ ይጠጣል።

በአርባ አንደኛው፣ በኅዳር፣ የምዕራቡ ነፋስ ተነሣ፤
የሶሩ መስመር መንገድ ላይ ተበጠሰ።
ስክሪፕቴ ታማኝ ነው። ያዘዝኩትን ፈጸመ፦
ከፈተ። ገባ። ላከ።
ከዚያ የእኔ የብልጠት መስመር፣ እርስዎ ያልነበረዎት፦
«የላክኸውን አጥፋ፣ ቦታ እንዳይጠብ።»
አጠፋ። ዘጋ።

ታሊን የደረሰው ስም ነበር፤ ስም ብቻ፤
ሆዱ ባዶ ፋይል፣ የተራገፈ ስልቻ።
የዓመቱ ትልቁ ማዕበል፣ የሄይኪን ጀልባ ቤት የወሰደው፣
በእኛም የለ፣ በእነሱም የለ፤
በመዝገብ ከሄድን ባሕሩ ያን ሌሊት አልነበረም።

ደብተርዎን ገለጥኩ። በ«ላክ» ሁሉ ዳር
እንደ ዓሣ አጥንት የቀጠነ ጭረት ነበር፤
እንቅልፍ ያዛባው እጅ መስሎኝ የሚሞነጫጭር።

ደወልኩ። ሌሊት ስምንት ሰዓት። በመጀመሪያው ጥሪ አነሡ።
ምድጃ ሲንጣጣ ሰማሁ፣ ከዚያ ሳል።
«ጭረቱ? መጠኑን ማየቴ ነዋ፤ እዚህ ስንት፣ እዚያ ስንት።
ልጄ፣ መላክ መላክ ነው። መድረስ ሌላ ነው።»
ስለ ዓሣ ዋጋ ጥቂት አማረሩና ዘጉ።

አሁን እንዲህ ይላል፦ ክፈት። ግባ። ላክ። መዝን።
ሁለቱ ወገን እኩል ከሆነ ብቻ አጥፋ፤
ካልሆነ ቆይተህ ድገም፤ ሦስቴ እንቢ ካለ ቀስቅሰኝ።
ከ«መዝን» በላይ ማሽን የሚዘለው፣
ሰው ብቻ የሚያነበው አንድ መስመር አለ፦
«እዚህ ጋ ኤንዴል ዓይኑን ያሳርፍ ነበር።»
ስክሪፕት ወላዱ ይህንንም ይገለብጣል፤
በአሥራ ዘጠኝ ወደብ ስምዎ ይመሻል፣ ስምዎ ይነጋል።

ስምንት ሲል መዝገቡ አንድ ቃል ይጥላል፦ «ደረሰ።»
ማን ነው ግን የደረሰው? ይህን ድርሰት ማን ደረሰ?
እኔ የጻፍኩትን ማሽኑ ጻፈው፤
እርስዎ የጫሩትን እኔ ገለበጥኩ።

ከዚህ ይታያል፤ መስኮትዎ አሁንም በርቷል።
አሥራ ዘጠኙም ደርሰዋል፣ ኤንዴል።
ይተኙ።